ከወጋጬ ምድጃ እስከ ሊዬዥ ማኅተም

ነፍጥ ወደ ወላይታ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ በዳሞታ ተራራ ዙሪያ በሚኖረው ሕዝብ ዘንድ የጦር መሣሪያ ሠሪውና መሣሪያውን ታጥቆ የሚዘምተው ሰው በአንድ ገበያ የሚውሉ፣ በስምና በመልክ የሚተዋወቁ ስለ ነበሩ፣ የጦሩ ጫፍ ቢታጠፍ ወይም የጩቤው ስለት ቢሸረፍ ባለ መሣሪያው ማንን እንደሚጠይቅ አይቸገርም ነበር። ወጋጬ ተብሎ የሚጠራው የአንጥረኛ ወገን፣ አገሩ ሁሉ በእጁ ሥራ እየታረሰና እየተጠበቀ ሳለ፣ ከገበሬው ጋር በጋብቻ እንዳይተሳሰር በልማድ የተከለከለ፣ ሥራው የተፈለገ ራሱ ግን የተናቀ ወገን ነበር፤ ይህም በወላይታ ብቻ ሳይሆን በመላው ኢትዮጵያ የእጅ ጥበብን ለብዙ ዘመን ያቀጨጨ ነውር ነው። ቢሆንም ወጋጬው በሠራው ብረት ላይ የሚያትመው ማኅተም ባይኖረውም፣ ለሥራው መልስ የሚሰጥ ሰው ነበረ።

የወላይታ ነገሥታትም አገራቸውን የጠበቁት በዚሁ በሚያውቁት መሣሪያ ልክ ነው። የካዎ አማዶ የድንጋይ ካብና የካዎ እጃጆ ኬላ፣ ዛሬም ፍርስራሻቸው የሚታየው፣ ፈረሰኛንና ጦረኛን ለማገድ የታነጹ ናቸው፤ ከሺህ ክንድ ርቀት የሚመጣ እርሳስ ግን በአናጺዎቻቸው ሐሳብ ውስጥ አልነበረም።

በሰሜኑ ክፍል የነበረው መንግሥት ከዚህ እርሳስ ጋር የተዋወቀው ቀድሞ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ ከባሕር ማዶ እየለመኑ መኖር የማያዋጣ መሆኑን ተረድተው፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ማስቀለጥ ጀመሩ፤ ከእነዚያም ታላቁ ሴባስቶፖል የተባለው ሞርታር ሆነ። ሐሳቡ የታላቅ ሰው ሐሳብ ነው። ነገር ግን የቀለጠው ነሐስ ከቅርጹ ወጥቶ ከተወለወለ በኋላ፣ ከልክ በላይ ባሩድ ተጎርሶለት፣ ሰው ሳይቀርበው ተተኩሶ፣ ስንጥቅ እንዳለበትና እንደሌለበት የሚመረመርበት ሥርዓት በጋፋት አልተመሠረተም። ስለዚህ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያ በተገጠመ ጊዜ፣ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። በአንጻሩ የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ስናይደር የተባለው፣ ከኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ የተፈተነው በዚያው ዕለት ሲሆን፣ ወደ 700 የሚጠጋ የኢትዮጵያ ወታደር ወድቆ ከእንግሊዝ በኩል የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ነፍሳቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ቆንስል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ ያመጣላቸው ገጸ በረከት እንደ ነበረ በሰፊው ይነገራል። በገዛ ምድራቸው የተሠራው መድፍ ሲከዳቸው የጠላታቸው ንግሥት ሽጉጥ አልከዳቸውም።

የልዩነቱ ምክንያት የፈረንጅ ብረት ከእኛ ብረት በተፈጥሮው ስለሚበልጥ አይደለም፤ ፈረንጅም ቢሆን ጠመንጃው በእጁ ላይ እየፈነዳ ብዙ ጣትና ብዙ ዓይን ካጠፋ በኋላ የተማረው ትምህርት ነው። በቤልጅግ አገር የምትገኘው የሊዬዥ ከተማ ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የጠመንጃ አፈሙዝ ሁሉ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት በሹማምንት ፊት ከመጠን ያለፈ ባሩድ ጎርሶ እንዲተኮስ ደንብ አወጣች፤ በእንግሊዝ አገርም የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1813 በፓርላማ ሕግ የራሳቸውን የፈተና ቤት አቆሙ። ፈተናውን ያለፈ አፈሙዝ የፈተና ቤቱ ምልክት ይታተምበታል፤ የወደቀው ለገበያ አይቀርብም። የሠሪው ስም አንድ ነገር ነው፤ ሠሪውን የማያውቅ፣ ከሠሪው ጥቅም የማይካፈል ሦስተኛ ወገን የሚሰጠው ምስክርነት ግን ሌላ ነው። አንባቢ ይህን ልዩነት ከዚህ ጀምሮ ቢይዝልን ቀሪው ታሪክ ግልጽ ይሆንለታል።

በዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1868 ዓ.ም.፣ የግብጽ ጦር በጉንደትና በጉራዕ ሁለት ጊዜ ሲደመሰስ፣ ከአሜሪካ አገር የተገዛው ሬሚንግቶን ጠመንጃ በብዙ ሺህ ተማርኮ በኢትዮጵያ ወታደር እጅ ገባ። የዚህ ጠመንጃ መዝጊያ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ያሉት፣ አቧራና ዝናብ የማይበግረው፣ ለባላገር እጅ የሚመች ስለ ነበረ በፍጥነት ተወደደ። በዚህ አገር የጠመንጃ ዝና የተመሠረተው በእንዲህ ያለ መንገድ እንጂ በነጋዴ ምስጋና አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ጠላት ይዞት መጥቶ ሲገድልበት ያየውን መሣሪያ ወታደሩ ለራሱ ይመኘዋል።

ነጋዴ ሲያመጣው ነገሩ ምን ይመስል እንደ ነበረ ደግሞ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ራሱ ጽፎልናል። ግጥም መጻፍ ትቶ በቀይ ባሕር ዳርቻ ንግድ የጀመረው ይህ ሰው፣ በ1878 ዓ.ም. ከታጁራ ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ለሸዋ ንጉሥ ሊሸጥ የያዛቸው ጠመንጃዎች ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የተጣሉ፣ በሊዬዥና በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጡ፣ በሸዋ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ የሚሸጡ መሆናቸውን ያለ ኀፍረት ገልጿል። ከሁለት ሺህ የሚበልጡ እነዚህን ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ደረሰ፤ በእንጦጦ ያገኛቸው ንጉሥ ምኒልክ ግን ነጋዴው ካሰበው ዋጋ እጅግ ዝቅ አድርገው ገዙት፤ ራምቦም በዚህ አማረረ። እኛ ስንፈርድ፣ በዚህ ገበያ ከሁለቱ የበለጠ የጠመንጃ ዐዋቂ ምኒልክ ነበሩ። የሊዬዥ ማኅተም አፈሙዙ እንደማይፈነዳ ይመሰክራል እንጂ ጠመንጃው ዘመን ያለፈበት መሆኑን፣ ጥይቱ የሚገኝ መሆን አለመሆኑን አይናገርም፤ ያንን የሚመረምር ዓይን በዚያ ጊዜ በአገሩ ውስጥ ከቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት በቀር የትም አልነበረም።

ምኒልክ ከራምቦ ብቻ ሳይሆን ከኢጣልያኑ ኮንት አንቶኔሊ፣ ከፈረንሳዩ ሼፍኔ፣ በጅቡቲ በር ከሚመጣው ነጋዴ ሁሉ እየገዙ ባከማቹት መሣሪያ ነው በኅዳር 1887 ዓ.ም. ወደ ወላይታ የዘመቱት። ቀደም ብለው የተላኩ ጦሮች የወላይታውን ንጉሥ የካዎ ጦናን አገር መያዝ ስላልቻሉ፣ በዚህ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በራሳቸው ወጡ፤ የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋርም አብረዋቸው ነበሩ። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል፤ ሬሚንግቶን የታጠቀ ጭፍራ ጦርና ጋሻ በያዘ ሕዝብ ላይ ሲዘምት የሚሆነውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እርሱን ያንብብ። ካዎ ጦና ቆስለው ተማርከው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። የአማዶ ካብ አልፈረሰም፤ ተዘለለ እንጂ። የወጋጬው ጦርም ጫፉ የታጠፈ ስለ ሆነ አልተሸነፈም፤ ከማይደርስበት ስፍራ ስለ ተመታ ነው። በዚያ ዘመቻ ለወላይታ ሰው የጠመንጃ ፋብሪካ ስም የታወቀው በገዢነት ሳይሆን በዒላማነት መሆኑን የታሪክ ጸሐፊ ሊሸፍነው የማይገባ ነገር ነው።

ከዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለጉዳያችን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኢጣልያ በዚያን ጊዜ አዲስ ጠመንጃ እያላት፣ የተከማቸ የቀድሞ ጥይት እንዲያልቅላት ስትል ወታደሮቿን አሮጌውን ቬተርሊ አስታጥቃ ላከች። አሮጌ መሣሪያ ለአፍሪካ ይበቃል የሚለው ሐሳብ፣ ራምቦን ለኪሳራ እንዳበቃ፣ ጀኔራል ባራቲየሪንም አልጠቀመም።

ከዓድዋ ወዲህ የመሣሪያው ብዛት አገሩን አጥለቀለቀው። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ አልቢን፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ዲሞትፈር እየተባለ እያንዳንዱ ጠመንጃ በስሙ ይፎከርበት፣ በስሙ ይወረስ፣ በስሙ ለልጅ ማጫ ይቆጠር ጀመር። የውጅግራ ጥይት በአንዳንድ ገበያ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እስከ መሆን ደረሰ። ባለ ነፍጡ ለአንድ ስም ታማኝ ሆኖ የሚቆየው ስሙ ስለ አማረው ብቻ አይደለም፤ የያዘው ጥይት ለሌላው ስለማይሆን፣ የሚያድስለት ቀጥቃጭ ያንን አንዱን ስለ ለመደ፣ ከጓደኛው ጥይት መበደር የሚችለው አንድ ዓይነት ሲታጠቁ ስለ ሆነ ነው። ሽጉጥ ግን በዚህ ዘመን የጥቂት መኳንንት ጌጥ ነበር፤ የሚታጠቀው ሰው ነፍጥ የሚሸከምለት አሽከር ከኋላው ስላለው፣ ሽጉጡ ቢተኩስም ባይተኩስም የሚመረምረው አልነበረም።

ሽጉጥ የሚሠሩትን ፋብሪካዎች እርስ በርስ የሚለያቸው ምን እንደ ሆነ ዓለም በግልጽ ያየው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ፈረንሳይ የሽጉጥ እጥረት ቢገጥማት እ.ኤ.አ. በ1915 በስፔን ባስክ አገር ለነበረው የጋቢሎንዶ ድርጅት ሩቢ የተባለውን ሽጉጥ በወር 10,000 እንዲያስረክብ አዘዘች፤ ትእዛዙም ወዲያው እጅግ ስለ ጨመረ፣ በኤይባር ዙሪያ ያለ አንጥረኛ ሁሉ፣ ቁጥሩ ወደ 50 የሚጠጋ የብረት ሥራ ቤት፣ ያንኑ ሽጉጥ ይሠራ ጀመር። መልኩ አንድ ቢሆንም የአንዱ ካዝና ለሌላው አይገባም፤ የአንዱ ብረት ጠንካራ፣ የሌላው ልፍስፍስ ሆነ። በመጨረሻም ማን የቱን እንደ ሠራ ይታወቅ ዘንድ በእያንዳንዱ ላይ የሠሪው ምልክት በሁለት ፊደል እንዲቀረጽ ግድ ሆነ። በኢጣልያም እ.ኤ.አ. በ1910 ለሠራዊቱ የተመረጠው ግሊሴንቲ ሽጉጥ የግራ ጎኑ በሚነቀል ስስ ሰሌዳ የተሸፈነ ደካማ አካል ስለ ነበረው በቀላል ጥይት እንዲተኮስ ታስቦ ተሠራ፤ ክፋቱ ግን በመጠን ከእርሱ ጋር አንድ የሆነው ብርቱው የጀርመን ጥይት ሳይከለከል መግባቱ ነው። መሣሪያን የሚሠራ ሰው ተጠቃሚው በጨለማና በጭንቀት የሚሳሳተውን ስሕተት ቀድሞ ካላሰበ፣ ብረቱን ስላሳመረ ብቻ ሥራውን ፈጸመ ሊባል አይገባም።

በሊዬዥ አጠገብ በኸርስታል እ.ኤ.አ. በ1889 የተቋቋመው ፋብሪክ ናሲዮናል ግን በአሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ንድፍ ሽጉጥ እየሠራ፣ አንዱ ክፍል ያለ ሞረድ ለሌላው እንዲሆን አጥብቆ እየለካ፣ ስሙን በዓለም ላይ አስጠራ፤ በአውሮፓ ብዙ ስፍራ ብራውኒንግ ማለት ሽጉጥ ማለት እስኪሆን ድረስ። ልዑል ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ ቤልጅግንም አይተው ነበር፤ በ1922 ዓ.ም. የክብር ዘበኛን ለማሠልጠን የቤልጅግ መኮንኖች ሲመጡ፣ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት የኸርስታል ጠመንጃም መጣ። ሕዝቡ ቤልጂግ ያለው ይህ ነው። ከራምቦ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ለውጡ ታላቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከሊዬዥ የመጣው የተጣለው ነበር፤ አሁን ከዚያው ወረዳ የመጣው ለኢትዮጵያ ተብሎ የተሠራው ነው። ማኅተሙ የአገሪቱ ሲሆን መርማሪውም የአገሪቱ ተወካይ ይሆናል።

በዚያው ዘመን፣ በ1920 ዓ.ም. ገደማ፣ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመራው የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ቡድን ወላይታ ደርሶ በኦቶና የሕክምና ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ በኦቶና ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር የጥይት ሣጥንና የመድኃኒት ሣጥን በአንድ ሠረገላ ይጭን ነበረና፣ አንዱ የሚያቆስለውን ሌላው ሲጠግን ኖረ።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ የቤልጂጉ ቁጥር ጥቂት፣ የልዩ ልዩ አሮጌ ጠመንጃ ቁጥር ብዙ ስለ ነበረ፣ በአንድ ጭፍራ ውስጥ እንኳ ጥይት መበዳደር የማይቻልበት ስፍራ ብዙ ነበር። ኢጣልያኖች በበኩላቸው ቤሬታ ሞዴል 1934 የተባለውን ሽጉጥ ይዘው ገቡ። የቤሬታ ቤተ ሰብ እ.ኤ.አ. በ1526 ለቬኒስ የጦር ግምጃ ቤት 185 አፈሙዝ ሠርቶ በ296 ዱካት የሸጠበት ሰነድ እስካሁን አለ። ሽጉጡ አጭር፣ ክፍሎቹ ጥቂት፣ በአቧራ የማይሰናከል ነው፤ በጎኑም ላይ ከተሠራበት ዓመት ጎን የፋሽስቱ ዘመን በሮማ ቁጥር ይቀረጽበታል። ፋሽስቱ ዘመን ሲያልፍ ሽጉጡ አላለፈም፤ ቁጥሩ ግን አገሩን ማን እንደ ወረረው ሳይፋቅ ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ በወላይታ ደጃፍ የሆነው ነገር፣ ሽጉጥ ከመድፍ የታመነበት ስለ ሆነ ሊታለፍ አይገባም። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር በቁሊቶ የብላቴን ወንዝ ሲሻገር፣ የኢጣልያ ታንኮች ድንገት መልሰው አጠቁት። ናይጄል ሊኪ የተባለ ከኬንያ የመጣ ሳጅን በአንዱ ታንክ ላይ ዘልሎ ወጥቶ፣ የላዩን ክዳን በግድ ከፍቶ፣ በተሽከርካሪ ሽጉጡ አዛዡንና ጭፍሮቹን ገድሎ፣ ነጂውን ብቻ አስቀርቶ ታንኩን ወደ ጥግ አስነዳው። የማረከውን የታንክ መድፍ ለመተኮስ ቢሞክር ግን መድፉ እምቢ አለው፤ እርሱም መሣሪያውን ትቶ በእግሩ ሌሎቹን ታንኮች ሊያሳድድ ሄደ፤ ሁለተኛውን ከፍቶ አንዱን ሰው ገድሎ ሳለ በመትረየስ ተመትቶ ወደቀ። ከጦርነቱ በኋላ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ። ከቁሊቶው ውጊያ ከሦስት ቀን በኋላ ሶዶ ተያዘች፤ ሁለት የኢጣልያ ጀኔራሎችም እዚያ ተማረኩ።

የአንድ ጀግና ሥራ የአንድ ፋብሪካ ምስክር ሊሆን እንደማይችል እናውቃለን፤ ቢሆንም ተሽከርካሪ ሽጉጥ አንድ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን እንደገና መሳብ ቀጣዩን ጥይት እንደሚያመጣ፣ ይህም ለእንዲህ ያለ ሰዓት የሚበጅ ጠባይ መሆኑ የታወቀ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ ዘመን ለሠራዊቱ ያሠራው የኤንፊልድ ተሽከርካሪ ሽጉጥ በዌብሊ ድርጅት ንድፍ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ ድርጅቱን ወደ ጎን በመተው ተሠርቶ፣ ዌብሊዎች 2,250 ፓውንድ ካሣ ጠይቀው 1,250 የተፈረደላቸው መሆኑን ስናነብ፣ በፋብሪካና በደንበኛ መካከል ያለው ታማኝነት የሚፈርሰው በደንበኛውም በኩል መሆኑን እንማራለን። በዚያው ጦርነት ኸርስታል በጀርመን እጅ ወድቆ ስሙ ሳይለወጥ መርማሪው በተለወጠ ጊዜ፣ የሽጉጡ ጥራት በየዓመቱ እየዘቀጠ ሄደ።

ከነጻነት በኋላ በአሜሪካ ወዳጅነት ዘመን ኮልት፣ ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት ክላሽንኮቭና ማካሮቭ ገቡ። ማካሮቭ እ.ኤ.አ. በ1951 ለሶቪየት ሠራዊት የተመረጠ፣ በኢዠቭስክ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ስምንት ጥይት የሚጎርስ ትንሽ ሽጉጥ ሲሆን፣ ሠራዊቱ በፋብሪካው ውስጥ የራሱን ተቆጣጣሪ መኮንን አስቀምጦ ያልታተመውን አይቀበልም ነበር። ማካሮቭ በአገራችን ባለሥልጣንና ፖሊስ ዘንድ ያገኘው ፍቅር፣ ሬሚንግቶን በአያቶቻችን ዘንድ ካገኘው በምክንያት አይለይም፤ ጥይቱ ይገኛል፣ ጠጋኙ ያውቀዋል፣ ጭቃና ዝናብ አያቆመውም።

በእኛ ዘመን በየኬላው የሚያዘው ቱርክ ሠራሽ እየተባለ የሚጠራው ሽጉጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቱርክ በሕግ የሚመረመሩ ብርቱ ሽጉጦች የሚሠሩባቸው ፋብሪካዎች አሏት፤ በኮንትሮባንድ ከሚገባው መካከል ግን ለድምፅ ብቻ ተብሎ ከደካማ ቅይጥ ብረት የተሠራ፣ በኋላ በሕገ ወጥ እጅ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተለወጠ ይገኝበታል። መልኩ የታወቁ ሽጉጦችን መልክ ይመስላል፤ የትኛውም የፈተና ቤት ግን ለእውነተኛ ጥይት አልፈተነውም፣ ሊፈትነውም አይችልም፤ የሚይዘውን ሰው እጅ ከዒላማው አስቀድሞ ሊያጠፋ ይችላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣው መሣሪያ በፈቃድና በምዝገባ ብቻ እንዲያዝ ለማድረግ ነው። በሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በአረካና በየገጠሩ ከአያቱ የወረሰው ሰናድር፣ ቤልጂግ ወይም ቤሬታ በቤቱ ያለው አንባቢ በሕጉ መሠረት ያስመዝግበው፤ ከማስመዝገቡ በፊት ግን በአፈሙዙ ሥር የተቀረጸውን ምልክትና ዓመት ገልብጦ፣ ማን ከማን እንደ ወረሰው ጽፎ ለታሪክ አጥኚዎች ይስጥልን።